የአባባ እጅ የሚንቀጠቀጠው በእርጅና ነው በመለኪያው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የባሕር ዳር ልጆች። ባለፈው "አባታችሁ ጠዋት ጠዋት እጁ ከተንቀጠቀጠ እርጅና ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት" ብዬ ስጽፍ ጥያቄው ጎረፈብኝ፣ በውስጥ የላካችሁልኝም አለ። ዛሬ ማታ ተረኛ ስላልሆንኩ ቡናዬን አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ስለዚህ "ስንት ሚሊግራም ልስጠው" የምትሉኝን አልመልስም፣ ከወዲሁ ይቅርታ። የምናወራው በእድሜ ስለገፉ ሰዎች መጠጥ ነው፣ የወጣቶቹን ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አባቴ 71 አመቱ ነው፣ ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነው ጡረታ የወጣው። ጠዋት ቡና ስሰጠው ሲኒው እጁ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ ግማሹ ይደፋል። እኛ ፓርኪንሰን መስሎን ነበር፣ ወንድሜ ግን አረቄው ነው ይላል። በምን ልለየው?

መልስ፦ እህቴ አንድ ነገር ታዘቢልኝ፣ መንቀጥቀጡ ስንት ሰአት ላይ ነው የሚቆመው? ከጠዋቱ 1 ሰአት ላይ ሲኒ መያዝ ያቃተው ሰውዬ 4 ሰአት ላይ ከሰፈር ዞር ብሎ ሲመለስ እጁ ቀጥ ብሎ ክር በመርፌ የሚያስገባ ከሆነ መሃል ላይ የሆነ ነገር ጠጥቷል ማለት ነው። የአልኮል ሀራራ መንቀጥቀጥ ሁለቱንም እጅ ነው የሚይዘው፣ እጁን ወደፊት ዘርጋ ስትዪው ይብሳል። ፓርኪንሰን ብዙ ጊዜ ከአንድ ወገን ነው የሚጀምረው፣ እጁ ጭኑ ላይ አርፎ እያለ ይንቀጠቀጥና እቃ ሊያነሳ ሲል ቀነስ ይላል። ግን ቶሎ አትፍረጂ፣ በዘር የሚመጣ የእጅ መንቀጥቀጥም አለ፣ እሱም አልኮል ሲቀምሱ ይረጋጋል። ስለዚህ እጁን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም እይ፣ ጠዋት ያልበዋል? ያቅለሸልሸዋል? ቁርስ አልፈልግም ይላል? ሌሊት እየባነነ ይነሳል? ሳይጠጣ ከዋለ ይነጫነጫል?

አንድ የማልረሳቸው አባት አሉ። ሻይ ቀርቦላቸው ብርጭቆውን አላነሱም፣ ዝም ብለው ያዩታል። ማንም አያየኝም ሲሉ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አዞሩና አንዱን ጫፍ ብርጭቆውን ከያዘው እጃቸው ጋር አንድ ላይ ጨበጡት፣ ሌላውን ጫፍ በግራ እጃቸው ቀስ እያሉ ሲስቡት ብርጭቆው ውሃ ከጉድጓድ እንደሚሳብ ባልዲ ወደ አፋቸው ወጣ፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ይሄን በአንድ ቀን አይለምዱትም፣ አመታት የፈጀ ሙያ ነው። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ "አይ አባቴ እንኳን በዓል በዓል ብቻ ነው" እያለኝ ነበር።

ትልልቅ ሰዎች ላይ ምልክቱ እርጅና ይመስላል፣ ችግሩ ይሄ ነው። ይወድቃሉ፣ ክንዳቸው ላይ የማያስታውሱት ብልዝ ይገኛል፣ ምግብ ይቀንሳሉ፣ ሽንት ያመልጣቸዋል፣ መድሃኒት እየወሰዱ ፕሬዠራቸው አልወርድ ይላል፣ ማኅበርና እድር መሄድ ይተዋሉ፣ ገላቸውን አይታጠቡም፣ ይረሳሉ። እኛ "ሸመገለ" እንላለን። ወጣት ቢሆን ከስራ ሲቀር አለቃው ያውቅበታል፣ ጡረተኛን ማን ይቆጣጠረዋል፣ ከቤት ካልወጣ ማንም አያውቅም።

ጥያቄ፦ ለሽማግሌ ስንት ነው በዛ የሚባለው? አባቴ በቀን ሁለት መለኪያ ብቻ ነው፣ ወጣት እያለ ጠርሙስ ይጨርስ ነበር እኮ።

መልስ፦ "ድሮ ይችል ነበር" የሚለው ነው ሰው የሚያሳስተው። እድሜ ሲገፋ ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ይቀንሳል፣ አልኮል ደግሞ የሚቀላቀለው ከውሃው ጋር ነው፣ ስለዚህ በ40 አመቱ የጠጣት ያቺው መለኪያ በ70 አመቱ ደሙ ውስጥ ወፍራ ትገኛለች። አእምሮውም ለመጠጥ ስስ ይሆናል፣ ጉበትም እንደ ድሮው አይፈጭም። አንዳንዱ ሽማግሌ የመጠጡን መጠን ሳይጨምር ነው ችግር ውስጥ የሚገባው።

ቁጥር ካላችሁኝ፣ የአሜሪካው የአልኮል ጥናት ተቋም ከ65 አመት በላይ ጤነኛ ለሆነና መድሃኒት ለማይወስድ ሰው ለአመታት ሲመክር የነበረው በሳምንት ከ7 መጠጥ፣ በአንድ ቀን ደግሞ ከ3 እንዳይበልጥ ነው። አንድ መጠጥ የሚሉት 14 ግራም ንጹህ አልኮል ያለበትን ነው። ወደ እኛ ስናመጣው አንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል ነው፣ ዳግም አረቄ ከሆነ 40 ሚሊ ገደማ፣ ማለትም አንድ መለኪያ ቢሆን ነው፣ መለኪያው ራሱ ከቤት ቤት ይለያያል እንጂ። አባትህ በቀን ሁለት ማለት በሳምንት 14 ነው፣ እጥፍ። ስኳር፣ ፕሬዠር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጉበት ችግር ካለበት ደግሞ ይሄ ቁጥር ለሱ አይሰራም፣ ከዚህ በታች ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ መንካት የለበትም።

ጥያቄ፦ የቤት ጠላ ግን አያሰክርም አይደል?

መልስ፦ ያሰክራል። ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ሰው በመለኪያ አይጠጣውም፣ በጣሳ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ጠላ ነጋዴ ናት፣ 66 አመቷ ነው፣ አባይ ማዶ ነው ቤታችን። አትጠጣም፣ ትቀምሳለች ብቻ። ግን ማታ ማታ ፊቷ ይቀላል፣ ሁለቴ ደረጃ ላይ ወድቃለች። ስጠይቃት ትቆጣለች።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ስለ እናቶች ማንም አይጠይቅም፣ እናት ትሰክራለች ብሎ ማሰብ ነውር ይመስለናል። አስቢው እስቲ፣ ጉሹን ትቀምሳለች፣ ሲጠልል ትቀምሳለች፣ ለደንበኛ ስትቀዳ መዳፏ ላይ ጠብ አርጋ ቀድማ ትጎነጫለች፣ ወግ ነው፣ ሰው እንዳይጠረጥር። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ምግብ አትበላም፣ ስራ ይዟታል። ሴት ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውሃ ከወንድ ያነሰ ነው፣ እድሜው ሲጨመርበት ትንሹም ይበዛባታል።

እንዲህ አርጊ። አትቆጫት፣ አትከራከሪያት። "እማዬ ለአንድ ቀን ብቻ በቀመስሽ ቁጥር ያንኑ ያህል እዚች ጆግ ውስጥ ጨምሪልኝ" በያት። ማታ ጆጉን አብራችሁ እዩት። አንዲት እናት ይሄን ካደረጉ በኋላ ጆጉን አይተው "ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ?" አሉ፣ ከዛ በኋላ እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ቀምሶ መትፋትም ይቻላል፣ ወይም የምትቀምስ ሌላ ሰው ይኑር። በየቀኑ ስንት አመት እንደቆየች ግን ንገሪኝ፣ ብዙ ከሆነ በአንዴ ታቁም አልልሽም፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ያለውን አንብቢ።

ጥያቄ፦ አያቴ 74 አመቱ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየአመቱ አረቄ ይተዋል፣ 55ቱን ቀን አይነካም። ዘንድሮ በሶስተኛው ቀን ማታ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል ማለት ጀመረ፣ የሞተችውን እህቱን በስሟ ይጠራል፣ አንሶላውን ይለቃቅማል፣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ጎረቤት ጋኔን ነው አሉ፣ ጸበል ወሰድነው፣ በሳምንቱ ተሻለው። ይሄም ከመጠጥ ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል፣ ከልቤ ነው የምልህ፣ ምክንያቱም ከዚህ የማይነሱ አሉ።

አዎ ከመጠጥ ነው፣ በትክክል ለመናገር መጠጥን በድንገት ከማቆም ነው። አልኮል አእምሮን ያደነዝዛል፣ በየቀኑ ሲጠጣ አእምሮ ያንን ለመቋቋም ራሱን ያፈጥናል፣ ዳገት ላይ ጋዝ ረግጦ እንደሚወጣ ባጃጅ በለው። ድንገት ዳገቱ ሲጠፋ ባጃጁ በዚያው ፍጥነት ይፈተለካል። የመጨረሻዋን መለኪያ ከጠጣ ከ6 ሰአት ጀምሮ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። እስከ 48 ሰአት ባለው ውስጥ የሚጥል በሽታ ሊነሳበት ይችላል፣ ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቀውንም። ከዛ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው አያትህ ያየው ነገር የሚመጣው፣ ነፍሳት ማየት፣ ያለበትን ቦታ አለማወቅ፣ ትኩሳት፣ የማይታይ ነገር መለቃቀም። ሽማግሌ ላይ መንቀጥቀጡ ብዙም ሳይታይ ቀጥታ መቃዠቱ ሊጀምር ይችላል፣ የሚቆይበትም ቀን ይረዝማል። እስቲ ቁጠረው፣ ሰኞ ጾም ተያዘ፣ ረቡዕ ማታ ጉንዳን ታየው። ጋኔን ቀን ቆጥሮ አይመጣም ወንድሜ።

"በየአመቱ ይተዋል ምንም አይሆንም ነበር እኮ" ካልከኝ፣ ነገሩ እዛው ላይ ነው። በየጊዜው ድንገት ማቆምና መልሶ መጀመር አእምሮውን በየዙሩ ይበልጥ ያስቆጣዋል፣ የአምናው እጅ መንቀጥቀጥ ነበር፣ ዘንድሮ መቃዠት ሆነ፣ ለከርሞ መጣል ሊሆን ይችላል።

ጸበልን እየተቃወምኩ አይደለም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ያን ቀን ሰውየው የሚያስፈልገው ፈሳሽ፣ ቪታሚን ቢ1 በመርፌ እና አእምሮውን የሚያረጋጋ መድሃኒት ነው። እኛ ጋ በብዛት የሚሰጠው ዲያዜፓም ነው፣ ለሽማግሌ በጥንቃቄ በትንሽ በትንሹ ነው የሚሰጠው፣ ሰውነታቸው ውስጥ ስለሚጠራቀም። ቢ1 ደግሞ ከግሉኮስ በፊት ነው መግባት ያለበት፣ እሱን ባለሙያው ያውቃል፣ እናንተ ግን "ጠጪ ነው፣ ያቆመው በዚህ ቀን ነው" ብላችሁ ተናገሩ፣ ካልተናገራችሁ ማን ያውቃል? ቤተሰብ አፍሮ ይደብቅና ሰውየው ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ሲታከም ቀኑ ያልፋል። ሐኪም ካየው በኋላ ጸበሉ ይቀጥል።

ለከርሞ ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ ከወር በፊት ወደ ጤና ተቋም አምጡት፣ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይቀንስ፣ ቅበላው ላይ ጠግቦ ጠጥቶ ሰኞ ድርቅ ከማለት። የንስሐ አባቱንም አናግሯቸው፣ ይሄን ነገር በደንብ የሚረዱ አባቶች አሉ፣ "ልጄ ቀስ ብለህ ተው" የሚለውን ከኔ ይልቅ ከሳቸው ቢሰማ ይቀበላል።

ጥያቄ፦ አባታችን አልጋው ስር በሃይላንድ አረቄ ይደብቃል። ሁሌ እንደፋዋለን፣ ሌላ ያመጣል። በር ብንቆልፍበትስ?

መልስ፦ በሩን አትቆልፉ፣ አረቄውንም አትድፉ። አንደኛ ከላይ ያልኩት ነው፣ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ላይ በአንድ ማታ ብትደፉበት ጠዋት እናንተ ናችሁ የምትደነግጡት። ሁለተኛ ሽማግሌ ነው፣ አባት ነው፣ ልጆቹ አልጋውን ሲፈትሹ ክብሩ ይነካል፣ ከዛ መደበቁን ይበልጥ ይማራል እንጂ አይተውም።

አነጋገሩ ነው ዋናው። ጠጥቶ እያለ አታናግሩት። ጠዋት፣ ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ የሚወደው ሰው። ብዙ ጊዜ የልጅ ልጅ ይሻላል፣ ወይም የእድሜ እኩያው። ሰካራም፣ ሱሰኛ የሚባል ቃል አይነሳ። "አባባ ትጠጣለህ" ከማለት "አባባ በዚህ ወር ሶስቴ ወድቀሃል፣ እኔ ፈራሁ" በሉት፣ መውደቁን መካድ አይችልም። ወደ ሐኪም ስትወስዱትም "ለመጠጥህ" አትበሉት፣ ለፕሬዠሩ፣ ለእንቅልፉ፣ ለጉልበቱ በሉት፣ ውሸት አይደለም፣ እሱም አብሮ ይታያል።

አራት ጥያቄዎች አሉ፣ ጆን ኢዊንግ የሚባል ሐኪም በ1984 እንደ ፈረንጆቹ ያሳተማቸው፣ እኛም እስካሁን እንጠቀማቸዋለን። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለው ያውቃሉ? ሰው ስለ መጠጥዎ ሲናገርዎ ይናደዳሉ? በመጠጥዎ ጸጸት ተሰምቶዎት ያውቃል? ጠዋት እንደተነሱ ለማረጋጊያ ጠጥተው ያውቃሉ? ሁለቱን አዎ ካለ በደንብ መታየት አለበት። ግን ለሽማግሌ ይሄ ብቻውን አይበቃም፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ማን ይናገረውና ይናደዳል? ስለዚህ መውደቁን፣ መድሃኒቱን፣ እንቅልፉንም ጨምረን ነው የምንጠይቀው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የስኳርና የደም ግፊት መድሃኒት ይወስዳል፣ ከመጠጥ ጋር ምን ያደርጋል? እሱ "ቅዳሜና እሁድ መድሃኒቱን ትቼ ነው የምጠጣው" ይላል።

መልስ፦ አይይ፣ ይሄ "መድሃኒቱን ትቼ" የሚባል ነገር ስንቱን ስትሮክ አደረገው። እትዬ በሁለቱም በኩል ነው የሚጎዳው። የስኳር መድሃኒት ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ በባዶ ሆድ ሲጠጣበት ስኳሩ ድንገት ይወርዳል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ ሰው ሰክሮ ነው ብሎ ይተወዋል፣ እንዲያ ተኝቶ የቀረ አለ። ሜትፎርሚን ከሆነ ብዙ ሲጠጣበት ደሙ ውስጥ አሲድ ሊጠራቀም ይችላል፣ በተለይ ኩላሊቱ ደከም ያለ ሰው ላይ። የግፊት መድሃኒት ላይ ሲጠጣ ሲነሳ ያዞረዋል፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ይወድቃል። በረዥም ጊዜ ደግሞ አልኮል ራሱ ግፊት ይጨምራል፣ ዶክተሩ "መድሃኒቱ አልሰራም" ብሎ መጠን ይጨምርለታል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል።

ሌሎቹን ላፍጥናቸው። የእንቅልፍና የጭንቀት መድሃኒት፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ትራማዶል፣ ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ያዳክማሉ፣ ፈጽሞ አብረው አይወሰዱም። ለጉልበት ህመም የሚዋጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከአረቄ ጋር ጨጓራ ያደማሉ፣ ሰገራው እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ከሆነ ደሙ መቆም ሊያቅተው ይችላል። የቲቢ መድሃኒት ላይ ያለ ሰው ከጠጣ ጉበቱ በሁለት ወገን ነው የሚመታው። ፓራሲታሞል እንኳን በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው እንደልብ የሚዋጥ አይደለም።

ጥያቄ፦ መጠጥ የሚያስጠላ ክኒን አለ ይባላል፣ ሳያውቅ ወጥ ውስጥ ልጨምርበት አስቤ ነበር።

መልስ፦ አታድርጊው። በጣም ነው የምለምንሽ። ዳይሰልፊራም የሚባለውን ነው የምትዪው። ጉበት አልኮልን ሲፈጭ መሃል ላይ አሴታልዲሃይድ የሚባል መርዝ ይወጣል፣ ጤነኛ ሰው ላይ ወዲያው ይጠፋል፣ ይሄ ክኒን ግን እንዳይጠፋ ያግደዋል። ሰውየው ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ወጣት ሰው አውቆ ተስማምቶ ሲወስደው ይጠቅማል፣ የ70 አመት ሰው ልቡ ደከም ያለ ከሆነ ግን ሊገድለው ይችላል፣ ክኒኑን ካቆመ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ሰውነቱ ውስጥ ይሰራል። ሳያውቅ መስጠት ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትተን መመረዝ ነው። ፍላጎቱን የሚቀንስ ሌላ መድሃኒት አለ፣ ናልትሬክሶን ይባላል፣ እሱንም የጉበት ምርመራ ታይቶ ነው፣ ትራማዶልና ኮዴይን ከሚወስድ ሰው ጋር አይሄድም። ሐኪሙን ጠይቂው፣ በግልጽ፣ አባትሽ እየሰማ።

ጥያቄ፦ ኧረ ተዉዋቸው! እድሜ ልካቸውን ጠጥተው ኖረዋል፣ ስንት ቀን ቀራቸውና ነው የምታስጨንቋቸው።

መልስ፦ ይሄ ቃል ከፍቅር የመጣ ይመስላል፣ ግን ዳሌው ተሰብሮ ስድስት ወር አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሳገላብጥ ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ አልስማማም። ደግሞ ሽማግሌ አይተውም የሚለው ስህተት ነው፣ ሕክምና ከጀመሩ ከወጣቶቹ እኩል አንዳንዴም በተሻለ ይጸኑበታል፣ ቀጠሮ አያሳልፉም፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከሶስት ሳምንት በፊት ሰክሮ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር፣ ቁስሉ ድኗል። አሁን ግን ቀን ቀን ይተኛል፣ ነገር ይጠፋበታል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። መጠጡ በዝቶበት ነው?

መልስ፦ ይሄን ማታውኑ ውሰደው፣ ነገ አትበል። በእድሜ አንጎል ትንሽ ስለሚኮማተር ከራስ ቅሉ ጋር ያሉት ጥቃቅን ደም ስሮች ይወጠራሉ፣ መጠጥም አንጎሉን ይበልጥ ያኮማትረዋል፣ ቀላል ምት ይበጥሳቸዋል። ደሙ ቀስ እያለ ለሳምንታት ይጠራቀምና አንጎሉን ይጫነዋል። ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። በጊዜ ከተደረሰበት ደሙ ሊወጣለት ይችላል፣ ድነው በእግራቸው የሚሄዱ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ ትረሳለች፣ ትናንት ያላደረገችውን አድርጌያለሁ ብላ በዝርዝር ታወራለች። ትጠጣ ነበር። የመርሳት በሽታ ነው?

መልስ፦ ያላደረጉትን በዝርዝር ማውራት፣ "ጠዋት ግሽ ዓባይ ገበያ ሄጄ በርበሬ ገዛሁ" እያሉ ከአልጋ ሳይወርዱ የዋሉ፣ ውሸታም ሆነው አይደለም። ቢ1 ለረዥም ጊዜ ሲጎድል የማስታወሻው ቦታ ይጎዳል፣ አእምሮ ክፍቱን በፈጠራ ይሞላዋል። ከዚህ ቀድሞ የሚመጣ ደረጃ አለ፣ መቃዠት፣ የአይን መርገብገብ ወይም ሁለት ሁለት ማየት፣ እንደሰከረ ሰው መንገዳገድ፣ ያኔ ቢ1 በመርፌ በፍጥነት ከተሰጠ ብዙው ይመለሳል። ካለፈ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ትክክለኛ የመርሳት በሽታም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ጠጥታ እያለች መለየት አይቻልም፣ ከመጠጥ ወጥታ ሳምንታት ቆይታ ነው በደንብ የሚታየው።

ጥያቄ፦ ትንሽ አረቄ ለብርድና ለልብ ጥሩ ነው ይባላል።

መልስ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ምን ብርድ አለና? አረቄ ቆዳን ያሞቃል እንጂ ሙቀቱን ከሰውነት ያስወጣዋል። የልቡንም የአለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ ፈረንጆቹ "ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም" ብሎታል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ልጆቼ ሳያውቁ ነው የምጽፍልሽ። 68 ዓመቴ ነው፣ መምህር ነበርኩ። በዓል ካልሆነ አልጠጣም ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ማታ ማታ ብቻዬን ሁለት ሦስት መለኪያ እወስዳለሁ፣ ያለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰካራም ነኝ ወይ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር መምህር። እንደዚህ በግልጽ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፣ ልጆችዎ ስለእርስዎ ከሚጠይቁኝ እርስዎ ራስዎ መጠየቅዎ በጣም ይበልጣል።

ሰካራም የሚለውን ቃል እንተወው። እርጅና ላይ የሚጀምር መጠጥ የሚባል አለ፣ ብዙ ጊዜ ጡረታ፣ ሞት፣ ብቸኝነት ተከትሎ ይመጣል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከጠጡት ይልቅ እንደርስዎ ዘግይተው የጀመሩ ቶሎ ይመለሳሉ፣ ሰውነቱ ገና አልተጎዳም፣ ቤተሰቡም አልተበተነም።

እንቅልፉን በተመለከተ ግን አረቄው እያታለለዎት ነው። ያስተኛዎታል፣ እውነት ነው፣ ከዚያ ሌሊት 8 ሰአት፣ 9 ሰአት ላይ ነቅተው ጣሪያ ያያሉ አይደል? አልኮሉ ከደም ሲወጣ እንቅልፉን ይዞት ነው የሚወጣው። ነግቶ ደክሞዎት ቀን ያንቀላፋሉ፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ የለም፣ መለኪያዋ ትጠራዎታለች። ሁለት ሦስት መለኪያ ሦስት አመት ሙሉ ስለሆነ ዛሬ ማታ በአንዴ አያቁሙ፣ በተለይ ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልብዎት ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። ሐኪም ጋ ሲደርሱ ስለ ባለቤትዎም ይንገሩ፣ መጠጡን ብቻ አይደለም። ሀዘኑ ድብርት ሆኖ ከሆነ ድብርቱ ካልታከመ መጠጡ አይለቅም፣ ምግብ ማስጠላት፣ ነገር ሁሉ ትርጉም ማጣት፣ "ምነው እሷን በተከተልኳት" ማለት ካለ አይደብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጠየቁኝ ውጪ ነው። የሚጠጡት ስንት ሰአት ላይ ነው? 2 ሰአት ማታ ከሆነ ያቺ ሰአት ናት ባዶዋ፣ ድሮ አብራችሁ እራት ትበሉባት የነበረችው። ያችን ሰአት ብቻዎን አይሁኑ። ጣና ዳር ከ11 ሰአት ጀምሮ ስንት ጡረተኛ ሲንሸራሸር አያለሁ፣ ከነሱ ጋር ይቀላቀሉና እራትዎን ልጅዎ ቤት ይብሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳን። ለአንዱ ልጅዎ ደግሞ ይንገሩት፣ ለሁሉም አይደለም፣ ለአንዱ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የት ነው የሚኬደው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ፣ የጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩም ከዛ ነው የሚጻፈው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የሚቃዥ፣ የጣለው፣ ደም ያስመለሰ ወይም አይኑ ድንገት የፈዘዘበት ከሆነ ግን ሪፈር ሳትሉ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የአይኑን ያልኩት በቤት የተጣራ አረቄ ውስጥ ሜታኖል ሲኖር አይን ስለሚያጠፋ ነው።

ጥያቄ (በማግስቱ የመጣ)፦ ሲስተር የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ፣ የሲኒዋ። ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ 3 ሰአት ላይ ወጣ፣ 4 ሰአት ሲመለስ እጁ ቀጥ ብሏል። ነገ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፣ ለፕሬዠርህ ብዬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ንጹህ ሆኖ እንዲታይ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንዳይጠጣ ላድርግ?

መልስ፦ እንዳታደርጊ! ጎበዝ፣ እንኳን ጠየቅሽኝ። ዛሬ ማታ እንደወትሮው ይሁን፣ አታበረታቺው አትከልክዪው። ጠዋትም ያቺን የለመዳትን ከፈለገ ትንሽ ቀምሶ ይምጣ፣ ሰክሮ አይምጣ እንጂ በሀራራ እየተንቀጠቀጠ ወረፋ ላይ ሁለት ሶስት ሰአት ከሚቀመጥ ይሻላል፣ የሚጥለው እዛ ወረፋ ላይ ሊሆን ይችላል። ቁርስ አብሊው፣ ገንፎም ቢሆን። የሚውጣቸውን መድሃኒቶች በሙሉ፣ ያለቀውን ካርቶን ጭምር፣ በፌስታል ይዘሽ ነይ፣ ከጎረቤት ተቀብሎ የሚውጠውም ካለ። ትናንትና ዛሬ ስንት መለኪያ እንደጠጣ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ መጨረሻ የጠጣበትን ሰአትም። ወረቀቱን ለሐኪሙ በእጁ ስጪው፣ አባባ ፊት ጮክ ብለሽ አታንብቢው።